ያልተሸጠ የድሮ የተራራ ብስክሌት መለዋወጫ ከትንንሽ ሱቆች እንዴት ይገኛል

ሳጥኑ ሳይከፈት ሠላሳ ዓመት የቆየ ባለሰባት ማርሽ የእጅ መቀየሪያ በአንድ ትንሽ የብስክሌት ሱቅ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ ደብቆት አይደለም፤ ጠያቂ ስለጠፋ ረስቶት ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያገኘው ዕድለኛ ብቻ አይደለም። ምን እንደሚተርፍና ለምን እንደተረፈ የሚያውቅ፣ በምን ስም እንደሚጠየቅ የገባው፣ ከሳጥኑ ሲወጣም የትኛው ክፍሉ በሕይወት እንዳለ የሚለይ ሰው ነው የሚያገኘው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ተረፈ?

የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ ለተራራ ብስክሌት ብሎ የሠራውን የመጀመሪያ ሙሉ ስብስብ፣ ዲኦሬ ኤክስቲን፣ በ1982 አወጣ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገበያው ረግቶ አያውቅም። ማርሹ «ጠቅ» እያለ በየደረጃው የሚገባበት ስልት መጣ። የኋላው ማርሽ ብዛት ከአምስትና ከስድስት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ ስምንት አደገ። በ1989 አካባቢ ሃይፐርግላይድ የተባለው ካሴት (በኋላ ጎማው መሃል ላይ የሚሰካ የማርሾች ስብስብ) ገባ። በ1990 ከመሪው በላይ ይቀመጥ የነበረው የአውራ ጣት መቀየሪያ ከመሪው ሥር በሚገፋው ራፒድፋየር መተካት ጀመረ። በ1996 ደግሞ ረጃጅም ክንድ ያለው ቪ-ብሬክ መጣና ካንቲሊቨር ፍሬንን (ሁለቱ ክንዶቹ በአጭር ሽቦ የሚያያዙትን) በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአዳዲስ ብስክሌቶች ላይ ጠራረገው። አምና በካርቶን ያዘዘ ባለሱቅ ዘንድሮ የሚገዛው አጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ያልተሸጠ ማለት ባብዛኛው ያልተፈለገ ማለት ነው። ይህን ከያዛችሁ ምን እንደምታገኙ አስቀድማችሁ ትገምታላችሁ። ካንቲሊቨር ፍሬንና እጀታው፣ ባለ 1 ኢንች የመሪ ኩሽኔታ፣ ባለስድስትና ባለሰባት ፍሪዊል (በኋላ ጎማው መሃል ላይ እንደ ብሎን የሚጠብቅ የማርሾች ስብስብ)፣ ባዮፔስ የሚባሉት ሞላላ የፊት ማርሾች፣ ለቀጭን የብረት ቴላዮ (የብስክሌቱ አጽም) የተሠራ የፊት ዲሬይለር (ሰንሰለቱን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሻግረው)፣ ጥንዱ የጎደለ የግራ እጅ መቀየሪያ (የቀኙ ቶሎ ስለሚያልቅ ጥንዱ ተነጥሎ ይሸጥ ነበር)፣ ማንም የማይጠይቀው ቁጥር ያለው የኮርቻ ቱቦ፣ እነዚህ ይገኛሉ። የመካከለኛው የፊት ማርሽ፣ የኤክስቲ የኋላ ዲሬይለር፣ መደበኛ ቁጥር ያለው የክራንክ ኩሽኔታ ግን በጊዜያቸው ስለሚያልቁ ተሸጠው አልቀዋል። ኤክስቲአርን፣ ማለትም የሺማኖን ውዱን ስብስብ፣ ብቻ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን ቢመለስ አይገርምም፤ ባለሱቆች ውዱን ዕቃ የሚያመጡት በትእዛዝ ነበር።

ከቤት ሳትወጡ

አንድ ትንሽ ካሊፐር (የስፋት መለኪያ)፣ የእጅ ባትሪ፣ ማግኔት፣ ጨርቅና አንድ ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ ላይ የራሳችሁ ብስክሌት ልኮች ይጻፉ፤ «ይመስለኛል» የሚባል ልክ ገንዘብ ያስከፍላል።

የሹካው አንገት የውጭ ስፋት ከሦስቱ አንዱ ነው፦ 25.4 ሚ.ሜ (1 ኢንች)፣ 28.6 ሚ.ሜ (1⅛) ወይም 31.8 ሚ.ሜ (1¼)። ወደ ሹካው ውስጥ የሚገባው የመሪ አንገት ደግሞ እንደቅደም ተከተላቸው 22.2፣ 25.4 እና 28.6 ሚ.ሜ ይሆናል። 22.2ና 25.4 በዓይን ሲታዩ መንትያ ስለሚመስሉ በካሊፐር ሳትለኩ አትግዙ። ባለ 1 ኢንች ከሆነ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፦ ከሹካው ሥር የሚቀመጠው ቀለበት 26.4 ወይም 27.0 ሚ.ሜ ይሆናል፤ ሁለቱ አይለዋወጡም።

የኮርቻ ቱቦ በየ0.2 ሚ.ሜ ልዩነት ነው የሚሠራው፦ 26.4፣ 26.6፣ 26.8፣ 27.0፣ 27.2 እያለ ይቀጥላል። 26.8 በሚፈልግ ቴላዮ ውስጥ 26.6 ቢከቱ መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፤ ኋላ ግን እየሰመጠ የቴላዮውን ጆሮ ያጣምማል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከቱቦው ታች ተቀርጿል።

የክራንክ ኩሽኔታ ቤቱ ስፋት 68 ወይም 73 ሚ.ሜ ነው፤ የዘንጉ ርዝመት ደግሞ ክራንኩ ይወስነዋል። በታሸጉት የሺማኖ ኩሽኔታዎች ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፦ 68-113፣ 68-122.5 እንደሚለው። በጣም የተለመደው የእንግሊዝ የብሎን ጥርስ ሲሆን፣ የቀኙ ጎን ወደ ግራ እንደሚጠብቅ አትርሱ።

የፊት ማርሽ ብሎኖች የሚሠሩት ክብ ስፋት ከሁሉ በላይ ሰው ያሳስታል። አምስት ብሎን ካለው የሁለት ጎረቤት ብሎኖችን ማእከል ለኩ። 64.7 ሚ.ሜ ከሆነ ክቡ 110 ነው፤ 55.3 ከሆነ 94 ነው፤ ለትንሿ ማርሽ 43.5 ማለት 74፣ 34.1 ማለት 58 ነው። የ110/74 ጥንድ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ 94/58 ከዚያ በኋላ መጣ። አራት ብሎን ካለውና ርቀቱ 73.5 ከሆነ 104 ነው፤ እሱ የ1990ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ለምትፈልጉት ዘመን አይሆንም።

የኋላ ሞዞ (የጎማው መሃል፣ ዘንጉ የሚያልፍበት) ከዳዶ እስከ ዳዶ 126፣ 130 ወይም 135 ሚ.ሜ ሊሆን ይችላል፤ የፊቱ 100 ነው። የፊት ዲሬይለሩ የሚታሰርበት ቱቦ 28.6፣ 31.8 ወይም 34.9 ሚ.ሜ ነው። ሽቦው ከላይ ወይስ ከታች እንደሚስብም ጻፉ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ዕቃውም ተመልሶ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

ማኅተሙን ማንበብ

የሺማኖ ዕቃ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ብቻቸውን ተመትተው ታገኛላችሁ፦ ከክራንኩ ክንድ በስተጀርባ፣ ከዲሬይለሩ ወይም ከፍሬኑ ክንድ በስተኋላ። የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል። «ኤ» 1976 ነው፤ ከዚያ በፊደል ተራ ይቀጥላል፦ «ኬ» 1986፣ «ኤን» 1989፣ «ኦ» 1990፣ «ኤስ» 1994፣ «ዜድ» 2001፤ በ2002 ተመልሶ ከ«ኤ» ይጀምራል። ለወሩ «ኤ» ጃንዋሪ ነው፣ «ኤል» ዲሴምበር። ስለዚህ «ኤን-ሲ» የተመታበት የኋላ ዲሬይለር በማርች 1989 የተሠራ ነው። የ1976 እና የ2002 «ኤ» ቢደናገሩባችሁ የዕቃው ሞዴል ቁጥር ይፈታዋል።

የሞዴል ቁጥሩ ራሱ ቋንቋ አለው። «አር-ዲ» የኋላ ዲሬይለር፣ «ኤፍ-ዲ» የፊቱ፣ «ኤስ-ኤል» የእጅ መቀየሪያ፣ «ቢ-አር» ፍሬን፣ «ቢ-ኤል» የፍሬን እጀታ፣ «ኤፍ-ሲ» ክራንክ፣ «ኤች-ቢ» የፊት ሞዞ፣ «ኤፍ-ኤች» የኋላ ሞዞ፣ «ሲ-ኤስ» ካሴት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ኤም» ለተራራ መሆኑን ይናገራል፤ ከእሱ ኋላ ያለው ቁጥር ደረጃውን ይነግራል፦ 730ዎቹ ኤክስቲ፣ 650 ዲኤክስ፣ 550 እና 560ዎቹ ኤልኤክስ፣ 900 የመጀመሪያው ኤክስቲአር። ይህን ያወቀ ሰው ከመደርደሪያው ሥር ቆሞ የሳጥኖቹን ጫፍ ብቻ እያነበበ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

የትኛው ሱቅ?

ቢያንስ ከ1990 በፊት የተከፈተ፣ ባለቤቱ ያልተለወጠ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቦታውን ያልቀየረ ሱቅ ምረጡ። ሱቅ ሲዛወር የማይሸጠው ዕቃ መጀመሪያ ይጣላል፤ ሃያ ዓመት አንድ ቦታ የተቀመጠ ግን ምንም አይጥልም። የጥገና ክፍል ያለው፣ ከብስክሌት ጋር ሌላም ነገር የሚሸጥ ወይም የሚጠግን ሱቅ (የልብስ ስፌት መኪና፣ ትንንሽ ሞተር፣ የሣር ማጨጃ) ጥሩ ምልክት ነው። መስኮቱ ላይ ቀለሙ የጠፋ የድሮ ማርክ ከተለጠፈ፣ የባንኮኒው መስታወት ሥር አቧራ የለበሰ ሞዞ ከታየ ግቡ። ሁሉ ነገር የሚያበራና በየወቅቱ የሚለወጥ ትልቅ ሱቅ ጊዜ ያባክናል።

ኮምፒውተር ያለበት ሱቅ ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ። ሠራተኛው ቁጥሩን አስገብቶ «የለም» ይላል፤ የድሮው ዕቃ ግን ከመጀመሪያውም ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም። መልሱን ሳትከራከሩ ተቀበሉና ባለቤቱ ወይም አንጋፋው ጠጋኝ መቼ እንደሚገኝ ጠይቁ። እሱ ጣራ ሥር ያለውን ካርቶን ያውቃል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ደንበኛ በሚበዛበት ወቅትና ቅዳሜ አትሂዱ። ሥራ በቀዘቀዘበት ወቅት፣ በሥራ ቀን ረፋዱ ላይ ሂዱ። ሱቁ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው የሚመጣ ፈላጊ መሰላል የሚወጣለት አያገኝም።

አጠያየቅ

«ጥንታዊ»፣ «ብርቅ»፣ «ሰብሳቢ ነኝ» የሚሉት ቃላት በሩን ይዘጋሉ ወይም ዋጋውን ያንራሉ። «የድሮ ዕቃ አለዎት?» የሚለውም አይጠቅምም፤ ባለሱቁ በሐሳቡ የሚፈልገው ነገር ስለማይመጣለት «የለም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። የሚሠራው ጠባብ ጥያቄ ነው፦ «ለአሮጌ ብስክሌቴ ባለሰባት የግራ መቀየሪያ ፈልጌ ነበር፤ ከመሪው በላይ የሚሆነውን፣ ሳጥኑ ቢቀደድም ግድ የለኝም።» የተሰበረውን ናሙና በእጅ ይዞ መሄድ ደግሞ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ጠጋኝ የተሰበረ ነገር ሲያይ እጁ ራሱ ወደ መሳቢያው ይሄዳል።

የመጀመሪያው ዕቃ ተገኘም አልተገኘም ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፦ «ከዚያ ዘመን የቀረ ካንቲሊቨር ወይም የመሪ ኩሽኔታ ይኖር ይሆን?» ሦስተኛው፣ ማለትም «ራሴ ልፈልግ ይፈቅዱልኛል?» የሚለው፣ በመጀመሪያው ጉብኝት ባይነሳ ይሻላል። ትንሽ ነገር ገዝታችሁ ሂዱ፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ተመለሱ፣ ያኔ ጠይቁ። አንዳንዱ ባለሱቅ ግን ራሱ «ና እይ» ይላል፤ ሲል አትግደርደሩ።

እምቢ ካለ ደግሞ የምትፈልጉትን አምስት ነገር ብቻ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከስልክ ቁጥር ጋር ጽፋችሁ ተዉለት። ሃምሳ ነገር የተጻፈበት ወረቀት ይጣላል።

ጓዳ ከገባችሁ

በዓይን ትይዩ ያለውን መደርደሪያ እለፉት፤ እዚያ ያለው የሚሸጠው ነው። ከጭንቅላት በላይና ከጉልበት በታች ፈልጉ። ከመሳቢያዎች ሁሉ የመጨረሻው፣ ከጥገና ጠረጴዛው ሥር ያሉት ቆርቆሮዎች፣ ግድግዳ ላይ ከአዲሱ ዕቃ ኋላ የተንጠለጠለው የመንጠቆው መጨረሻ፣ ጣራ ላይ የተሰቀሉ ቸርኬዎችና ጎማዎች፣ የደረጃ ሥር፣ የድሮ ጎማ ክምር ኋላ። ያነሳችሁትን ሁሉ በነበረበት ቅደም ተከተል መልሱ። ጓዳውን ያመሰቃቀለ ሰው ዳግም አይገባም፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣውንም ያስከለክላል።

የሳጥኑን ጽሑፍ አትመኑ። ጠጋኝ ከሳጥን አዲሱን አውጥቶ ደንበኛ ብስክሌት ላይ ይገጥምና ያለቀውን እዚያው ሳጥን ውስጥ ይከታል፤ ይህ ክፋት ሳይሆን ልማድ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይከፈት። ግራና ቀኝ ተለይተው ይታዩ፣ ብሎንና የብሎን ቀለበት ይቆጠሩ። ያገለገለ ዕቃ የሚጋለጥበት ምልክት አለው፦ ሽቦ በሚታሰርበት ብሎን ሥር የተጨፈለቀ መስመር፣ በማሰሪያው ቀለበት ውስጥ የቴላዮ ቀለም፣ በዲሬይለሩ ትንንሽ መንኮራኩሮች ጥርስ ላይ ጥቁር ዘይት፣ በክራንኩ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ የሚያበራ ጭረት። ቀዳዳው ውስጥ ጭረት ካለ ክራንኩ ቢያንስ አንዴ ተሰክቷል።

ከአዲስ ብስክሌት ላይ ወዲያው የተነቀለ ዕቃም ይኖራል፤ ደንበኛው የተሻለ ሲያስገጥም የቀረ ነው። ሳጥን የለውም እንጂ አዲስ ነው። ለመንዳት የምትፈልጉ ከሆነ ከሳጥን ዕቃ በርካሽ የሚገኘው ይሄ ነው።

ምን ሞቷል፣ ምን ይነሳል?

ብረትና አሉሚኒየም ደረቅ ቦታ ከተቀመጡ ዕድሜ አይጎዳቸውም። ጎማ፣ ግራሶ፣ ፕላስቲክና ስፖንጅ ግን ሳይነዱም ያረጃሉ። ምርመራው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ ነው የሚቆመው።

የእጅ መቀየሪያ ሲገኝ የሽቦ ቁራጭ አስገቡና በእጅ እየጎተታችሁ ደረጃዎቹን ሁሉ ቁጠሩ። ራፒድፋየር ሲገፋ የማይይዝ፣ ባዶውን የሚሄድ ከሆነ አትደንግጡ፤ ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ ሰም ስለሆነ ደረጃውን የሚይዙት ትንንሾቹ ንክሻዎች ተጣብቀው ነው። ይሄ ይድናል። ማንሻው ተገፍቶ ካልተመለሰ ወይም ሲንቀሳቀስ የብረት ቁራጭ ድምፅ ካለ ግን ስፕሪንጉ ወይም ጥርሱ ተሰብሯል፣ ተዉት። የ1990ዎቹ መጀመሪያ ራፒድፋየር ሁለቱም ማንሻ በአውራ ጣት የሚገፋ ነበር፤ ያኔም ብዙ ሰው አልወደደውም፣ ለዚህም ነው የሚተርፈው። የ1980ዎቹ የአውራ ጣት መቀየሪያ ግን ከተገኘ ባለስንትም ቢሆን ውሰዱ፤ የኤክስቲው ዓይነት ደረጃውን አጥፍቶ በሰበቃ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ማዞሪያ ስላለው ከማንኛውም ዲሬይለር ጋር ይስማማል።

ዲሬይለር ላይ መገጣጠሚያዎቹን በእጅ ወደ ጎን ወዝውዙ። ትንንሾቹ መንኮራኩሮች ይዞሩ፣ ስፕሪንጉ ይመልስ። ግራሶው ቢጠነክርም ይታጠባል። ካርቶን ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገው አንዳንዴ ክፍት ከተቀመጠው ይብሳል፤ እርጥበት ገብቶ መውጫ ስለሚያጣ የብሎኖቹ ራስ ይዝጋል፣ አሉሚኒየሙ ላይም ነጭ ዱቄት ይወጣል። ነጩ ዱቄት ተጠርጎ ከሥሩ ጉድጓድ ከታየ ዋጋው ይቀነስ።

ካንቲሊቨር ፍሬን ሲሆን ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘው አጭር ሽቦ፣ ሽቦውን የሚይዘው ተሸካሚ፣ የፍሬን ጎማዎቹና ቀለበቶቻቸው መኖራቸውን ቁጠሩ፤ ፍሬኑ ሙሉ የሚሆነው እነሱ ሲኖሩ ነው። የፍሬን ጎማዎቹ ድንጋይ ሆነው ይጠብቋችኋል፣ ለዕይታ ካልሆነ አትጠቀሙባቸው። ለካንቲሊቨር የሚሆነው እግሩ ልሙጥ ነው፣ የቪ-ብሬኩ ባለጥርስ ነው፤ ልሙጥ እግር ያለው አዲስ የፍሬን ጎማ ዛሬም ይመረታል።

ሞዞን በጣት ስታዞሩት ከጠነከረ ግራሶው ነው። ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ «ቀጭ» ካለ ግን የኩሽኔታው መንገድ በዝገት ተበልቷል። የሞዞ መንገድ ደግሞ አይለወጥም። ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ፦ 28፣ 32 ወይም 36 ይሆናሉ፤ ቸርኬያችሁ ከእሱ እኩል መሆን አለበት። የታሸገ የክራንክ ኩሽኔታ ሲዞር ከሻከረ አይከፈትም፣ አይታደስም፤ አትግዙት።

ጎማ (ውጩን ማለታችን ነው) ከሁሉ ያሳስታል፣ ምክንያቱም ጥርሱ አዲስ ስለሆነ ያምራል። ጎኑን በሁለት ጣት እጠፉና በባትሪ እዩ፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ ሸራው ብቻ ነው የያዘው። ተጣጥፎ የተሸጠ ከሆነ የእጥፋቱ መስመር ላይ መጀመሪያ ይሰነጠቃል። በሚስማር ላይ ለዓመታት የተንጠለጠለው ደግሞ ሚስማሩ በነካበት ቦታ የጠርዙ ሽቦ ይጎብጣል፤ ቸርኬ ላይ ሲገባ እዚያው ይዘላል። እንዲህ ያለ ጎማ ለትርዒት እንጂ ለቁልቁለት አይሆንም።

ሹካ፣ በተለይ የ1990ዎቹ ተንቀሳቃሽ ሹካ፣ በጥንቃቄ ይገዛ። ብዙዎቹ ስፕሪንግ ሳይሆን ኤላስቶመር የተባለ የላስቲክ ቁልል ነው ያላቸው፤ ሳይነዳም ይጠነክራል፣ ይፈረፈራል ወይም ወደ ሬንጅ ይለወጣል። ሹካውን ስትጫኑት ካልወረደ ወይም ወርዶ ቀስ ብሎ ከቀረ ያ ሆኗል። አየርና ዘይት ያላቸው ደግሞ የጎማ ማኅተማቸው ደርቆ ያፈሳሉ። ቱቦዎቹ ንጹሕ ከሆኑና ምትክ ላስቲክ ማግኘት ከቻላችሁ ብቻ ግዙ። ያልተቆረጠ አንገት ያለው ሹካ ካገኛችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ አንገቱ ያጠረ ሹካ የፊት ቱቦው ረዘም ያለ ቴላዮ ላይ አይቆምም።

ባለሐምራዊና ባለሰማያዊ ቀለም ቀላል ዕቃዎች (የመሪ አንገት፣ ክራንክ፣ የፍሬን ክንድ) ቀለማቸው በብርሃን ይለቃል፤ በፊት ለፊት ያለውን ሳይሆን ከሥር ያለውን ቀለም አይታችሁ አወዳድሩ። ክራንክ ላይ የፔዳሉን ቀዳዳና የአራት ማዕዘኑን ጥጎች በባትሪ መርምሩ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የአሉሚኒየም መሪ ዕድሜው ባይጎዳውም መንጠቆ የፈጠረበት ጥልቅ ጭረት ካለ አይነዳም።

አንድ ነገር ከሌላው ጋር

አዲስ ነው ማለት ይገጥማል ማለት አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው አምራች ሳንቱር የራሱ የደረጃ ርቀት ስለነበረው የሳንቱር እጅ መቀየሪያ ከሺማኖ ካሴት ጋር በደረጃ አይሠራም። የጃፓኑ ሳንቱር በ1990ዎቹ አጋማሽ ከገበያ ስለወጣ ምትኩ የሚገኘው እንዲህ ባለ ጓዳ ብቻ ነው፤ ካገኛችሁ መቀየሪያውን፣ ዲሬይለሩንና የኋላ ማርሹን አብራችሁ ግዙ፣ አለዚያ ተዉት። በሺማኖ ውስጥም ቢሆን ባለሰባቱ በማርሽና በማርሽ መካከል 5.0 ሚ.ሜ ርቀት አለው፣ ባለስምንቱ 4.8፤ የእጅ መቀየሪያው ከካሴቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ዲሬይለሩ ግን በሁለቱም ይሠራል።

የካሴት መቀበያው ሦስት ዓይነት ነው። ዩኒግላይድ የሚባለው ጫፉ በውጭ ጥርስ አለው፣ ትንሿ ማርሽ ራሷ እንደ ዳዶ ትጠብቃለች፤ ሃይፐርግላይድ ካሴት አይቀበልም። ባለሰባቱ ሃይፐርግላይድ ከባለስምንቱ 4.5 ሚ.ሜ ያጥራል። ባለሰባት ካሴት በባለስምንት መቀበያ ላይ በ4.5 ሚ.ሜ ቀለበት ይገባል፤ ተቃራኒው አይሆንም።

ፍሪዊል ከገዛችሁ መፍቻውንም እዚያው ጠይቁ። የሳንቱሮቹ ባለሁለትና ባለአራት ጥርስ መፍቻ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፣ ጠጋኙ ጋ ግን ሁለት ሊኖረው ይችላል። በነገራችን ላይ የድሮ መሣሪያ ከድሮ ዕቃ ይበልጥ ተረስቶ የሚቀመጥ ነገር ነው።

የካንቲሊቨር እጀታ ለቪ-ብሬክ አይሆንም፤ ቪ-ብሬክ ሁለት እጥፍ ያህል ሽቦ ይስባል። በአሮጌ እጀታ ሲሳብ እጀታው መሪውን ይነካል፣ ፍሬኑ ግን ገና ነው። ዩ-ብሬክ የሚባለው ሌላው የፍሬን ዓይነትም የራሱ ዓለም ነው። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ብዙ ጊዜ ከክራንኩ ኋላ ከታች ይገጠም ነበር። የሚሰካባቸው ምሶሶዎች ከቸርኬው ጠርዝ በላይ ናቸው፤ የካንቲሊቨሩ ግን ከጠርዙ ወደ ሞዞው ይቀርባሉ። አንዱ በሌላው ምሶሶ ላይ አይሠራም።

ዋጋ

አሮጌው ተለጣፊ ዋጋ ካለበት ባለሱቁ ያንን ሊል ይችላል፣ ላይልም ይችላል፤ ቀድማችሁ አታንሱት። አንድ ጌጥ መርጦ መደራደር ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ይልቅ የምትፈልጉትን ሁለቱንና የማይሸጡትን ስምንቱን አንድ ላይ ባንኮኒ ላይ አስቀምጡና «ለሁሉም ስንት ይሁን?» በሉ። ባለሱቁ ቦታ ይለቀቅለታል፤ እናንተም የቀረውን ለሌላ ፈላጊ ትለውጡበታላችሁ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። በስልክ የጨረታ ዋጋ አውጥታችሁ አታሳዩ፤ የሚያየው ከፍተኛውን ነው።

ባለሱቁ ያላወቀው በጣም ውድ ዕቃ እጃችሁ ከገባ ዝም ብሎ መውሰድ ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም። ወሬው ሲደርሰው፣ መድረሱም አይቀርም፣ ጓዳው ለሁሉም ይዘጋል። «ይሄኛው ከሌላው ይበልጣል፣ ይህን ያህል ልክፈል» ያለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ያልታየው ካርቶን ይወርድለታል።

ከመግጠም በፊት

የደረቀ ራፒድፋየርን አትፍቱት፤ ስፕሪንጉ ከወጣ መመለሱ ከባድ ነው። የላይኛውን ክዳን ብቻ አንሱ፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ በደንብ ንፉበት፣ ማንሻዎቹን ሠላሳ አርባ ጊዜ እያንቀሳቀሳችሁ ቆሻሻው ቡናማ ሆኖ ይውጣ። አሳድሩትና ድገሙ። የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ይረዳል። ንክሻዎቹ ሁሉ መያዝ ሲጀምሩ አድርቁና ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምሩ። ወፍራም ግራሶ ከጨመራችሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ እዚያው ችግር ላይ ትመለሳላችሁ።

ሞዞ አዲስ ቢሆንም ይከፈት። የተለመደው የሺማኖ የፊት ሞዞ በየጎኑ 10 ብይ፣ 3/16 ኢንች፣ የኋላው በየጎኑ 9 ብይ፣ 1/4 ኢንች ይይዛል። አሮጌውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አጥባችሁ አዲስ ብይና አዲስ ግራሶ አስገቡ፤ ፋብሪካው ብዙ ጊዜ አጥብቆ ስለሚያስረውም ዘንጉ ሳይወዛወዝ በነጻ እስኪዞር አላሉት። ሰንሰለት ግራሶው ሰም ሆኖ ከሆነ በጋዝ ዘፍዝፋችሁ ዘይት አጠጡት፤ መገጣጠሚያው ታጥፎ የሚቀር ካለ ዝገት ገብቷልና ይጣል። የፍሬንና የማርሽ ሽቦ፣ ከነሽፋኑ፣ የድሮ አትግጠሙ፤ ለደረጃ ማርሽ የማይጨመቅ ሽፋን ነው የሚያስፈልገው፣ የፍሬኑን ብታስገቡበት ደረጃው ይዛባል።

ያልተገጠመውን ከነሳጥኑ አስቀምጡ፤ ሳጥኑ ላይ የሞዴል ቁጥሩን፣ የሁለቱን ፊደላት ማኅተምና የጎደለውን ብሎን ጻፉበት። ጎማና ላስቲክ ያለበትን ከፀሐይና ከኤሌክትሪክ ሞተር አርቁ፣ ሞተሩ የሚያወጣው ኦዞን ጎማ ይሰነጥቃል። ሱቁ ውስጥ አይታችሁ ያልገዛችሁትንም ከየትኛው መደርደሪያ እንደነበር መዝግቡት፤ ከስድስት ወር በኋላ ስትመለሱ ባብዛኛው እዚያው ነው።